የእጩ መምህራንን ሙያዊ ዝንባሌ በምን እንመዝን?

ጥያቄ፦ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አሠልጣኝ
ጤና ይስጥልኝ። እጩዎቻችን ለማስተማር ልምምድ ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲወጡ የሚሞላው ቅጽ «ታታሪነት፣ ሥነ ምግባር፣ የሙያ ፍቅር» ይላል፤ እያንዳንዱ ከ5 ይያዛል። ዘንድሮም ሁሉም ማለት ይቻላል 4 እና 5 አገኙ። አንዱ ግን ተማሪዎቹን በንቀት ሲናገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከአማካሪ መምህራን ጋር ሆነን አዲስ ቅጽ ልናዘጋጅ ነው። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ አማካሪ መምህርት፣ 3ኛ ክፍል
መምህር፣ ያንን ቅጽ ለዓመታት ሞልቼዋለሁ። «ሥነ ምግባር» ላይ 5 የምሰጠው አንገቱን ደፍቶ ለሚታዘዘኝ ነበር። «ይህንን በሌላ መንገድ ብናስተምረውስ?» ያለችኝን እጩ 3 ሰጠኋት፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ዝምታን ጨዋነት ብለን ስንመዝን ኖረናል። ስለዚህ የጠባይ ስም ትታችሁ ድርጊት ጻፉ። አንድ ልጅ ሲያነብ ተደናቅፎ ክፍሉ ሲስቅበት እጩው ምን አደረገ? ሳቁን አስቆመ? ልጁ እስኪጨርስ ታገሠው? ወይስ «ተቀመጥ፣ ሌላ!» አለ?

መልስ፦ ጡረተኛ ሱፐርቫይዘር
በ1990ዎቹ አጋማሽ ቴሶ (የመምህራን ትምህርት ሥርዓቱን እንደ አዲስ ያዋቀረው አገራዊ ማሻሻያ) ልምምዱን ሲያሰፋው ትምህርት ቤቱ የሥልጠናው ግማሽ ይሆናል ብለን ተስፋ አድርገን ነበር። አማካሪ መምህሩ ግን ሌላው ያዘጋጀውን ቅጽ ሞልቶ መላሽ ሆኖ ቀረ። አሁን አብራችሁ ጻፉት። ከዚያ ሁለት ሁለት ሆናችሁ አንድ ክፍል ግቡ፤ ሳትነጋገሩ ሙሉና አስተያዩት። ነጥባችሁ የተራራቀበት ዐረፍተ ነገር ግልጽ አይደለም ማለት ነው፤ አርሙት። ደግሞ በአንድ ቀን ምልከታ ማንንም አትፍረዱበት።

መልስ፦ አምና የተመረቀ መምህር
እጩዎቹንም በዝግጅቱ አስገቧቸው። «ድምፅህ ሕፃናቱን ያስፈራል» የሚለውን አስተያየት ያነበብሁት ልምምዱ ካለቀ በኋላ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ቢነገረኝ ኖሮ አስተካክለው ነበር! እጩው በዚያው ቅጽ ራሱን ይመዝን፤ ከአማካሪው ጋር ጎን ለጎን አድርገው ይነጋገሩበት። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነጥብ ባይያዝባቸው ጥሩ ነው፤ ማርክ ካለ ማንም ድክመቱን አያወጣም።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያንን እጩ ግን ምን ብዬ ላናግረው?

መልስ፦ አማካሪ መምህርት፣ 3ኛ ክፍል
ለብቻው ይጥሩት። «ንቀት አለብህ» ካሉት ይከራከርዎታል። የተናገረውን ቃል እንዳለ ይድገሙለትና «ልጁ ያን ጊዜ ምን ሆነ?» ብለው ይጠይቁት። ካላስተዋለ፣ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ የልጆቹን ፊት ብቻ እንዲያይ ከኋላ ወንበር ያስቀምጡት፤ እርስዎ ያስተምሩ።