ከህዋ የተቀዳ የወፍ ጫጫታ? ሞገዱ ለኤሌክትሮን ጉልበት ይሰጣል ወይስ ይቀማል?

ዲሽ_ገጣሚው_ከኮምቦልቻ

ሰላም ለዚህ ቤት። ኮምቦልቻ ዲሽ እተክላለሁ፤ 14 ዓመት ሆነኝ። ፊዚክስ የተማርኩት እስከ 10ኛ ክፍል ነው፤ እባካችሁ ቀለል አድርጋችሁ አስረዱኝ።

ባለፈው ሳምንት ደንበኛዬ ስልኩን ከፍቶ አንድ ድምፅ አሰማኝ። ሊነጋ ሲል ዛፍ ላይ የሚንጫጩ ወፎች ነው የሚመስለው። «ይሄ ከህዋ የተቀዳ ነው። ሳተላይት የሚያበላሸው ይሄ ነው። የእኔም ምስል የሚቆራረጠው በዚህ ሳይሆን አይቀርም» አለኝ። ጣሪያ ላይ ወጥቼ ሳይ የኤል.ኤን.ቢው (ዲሹ ፊት ላይ ያለው ምልክት መቀበያ) ክዳን ተሰንጥቆ ውሃ ገብቶበታል። ቀየርኩለት፣ ሠራ። ነገሩ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣም።

አየር በሌለበት ድምፅ ከየት መጣ? ደግሞ ሳተላይት የሚጎዱት ኤሌክትሮኖች ከፀሐይ ሲመጡ ደካማ ናቸው ይባላል። ታዲያ ብረት አልፎ የሚገባ ጉልበት ማን ሰጣቸው? ስለዚሁ ድምፅ ሳነብ አንድ ቦታ «ሞገዱ ያፈጥናቸዋል» ይላል፤ ሌላ ቦታ «ሞገዱ ያራግፋቸዋል» ይላል። የቱን ልመን?

ሰሜኗ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ኤል.ኤን.ቢውን ማየትህ ደስ አለኝ። እኔ ያለሁት ሰሜን ስዊድን፣ ኪሩና ነው። የዶክትሬት ሥራዬ እነዚሁ ሞገዶች ናቸው።

የሰማኸው «ኮረስ» የሚባለውን ነው። ድምፅ አይደለም። የኤሌክትሪክና የማግኔት መስክ ውዝዋዜ ነው። በሰከንድ ከጥቂት መቶ እስከ ጥቂት ሺህ ጊዜ ይወዛወዛል፤ የእኛም ጆሮ የሚይዘው በዚሁ ልክ ያለውን ነው። የሳተላይቱ አንቴና የያዘውን እንዳለ ወደ ስፒከር ብትሰደው ወፍ ሆኖ ይወጣል።

ወደ ጉልበቱ ልምጣ። ምድርን የሚከብቡ ሁለት የጨረር ቀበቶዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1958 ያገኛቸው ጄምስ ቫን አለን ነው፤ ኤክስፕሎረር 1 በሚባለው የአሜሪካ ሳተላይት ላይ በገጠመው ጋይገር ቆጣሪ (የጨረር መለኪያ)። ቆጣሪው ከፍታ ላይ ሲደርስ ዝም ይል ነበር። ጨረር ጠፍቶ ሳይሆን በዝቶበት ነው። የውጨኛው ቀበቶ በፈጣን ኤሌክትሮን የተሞላ ነው። ዲሾችህን የምታዞርባቸው ሳተላይቶችም 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ፣ እዚያው ቀበቶ ውስጥ ናቸው።

እዚያ ያለ ኤሌክትሮን ዕረፍት የለውም። በምድር ማግኔት መስክ መስመር ዙሪያ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ይሾራል። እየሾረ ሰሜንና ደቡብ ይመላለሳል። እየተመላለሰ ደግሞ ምድርን ወደ ምሥራቅ ይዞራል። ኮረስ ፊት ለፊት ሲመጣበት ምታቸው የሚገጥምበት ጊዜ አለ። ዥዋዥዌ የገፋ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሰዓቱን ጠብቀህ ከገፋህ በትንሽ ጉልበት ከፍ ይላል። ካልጠበቅህ ታቆመዋለህ።

ስለዚህ ያነበብከው ሁለቱም ልክ ነው። እኔ ለራሴ እንደ እቁብ ነው የማስበው። ደካማዎቹ ኤሌክትሮኖች ብዙ ናቸው፤ ከጉልበታቸው ትንሽ ትንሽ ለሞገዱ ይከፍላሉ። ሞገዱ በነሱ ይደልባል። ከዚያ ቀድሞውንም ፈጠን ላሉት ጥቂቶች ይከፍላቸዋል። የእነሱ ጉልበት በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ይደርሳል፤ ያ ማለት የብርሃንን ፍጥነት 94 በመቶ ማለት ነው። ከከፋዮቹ ብዙዎቹስ? ዕጣ ሳይወጣላቸው ከሰማይ ይወድቃሉ። እቁብ ሳይሆን ግፍ ነው በለው። እኔ ክረምት ላይ ገና ጨለማ ሳለ ወደ ሥራ ስሄድ ሲወድቁ አያለሁ። ሰማዩ ላይ ደብዘዝ ያለ የብርሃን እራፊ በየጥቂት ሰከንዱ በራ ጠፋ ይላል።

«ጉልበቱን እዚያው ነው የሚያገኙት ወይስ ከውጭ ይዘውት ይገባሉ?» የሚለው ለዓመታት አከራክሯል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2012 ሁለት መንትያ መንኮራኩሮች መጠቁ፤ በኋላ በቫን አለን ስም ተሰየሙ። በኦክቶበር የምድርን ማግኔት የሚያናውጥ ማዕበል መጣ። ኤሌክትሮኖቹ ከውጭ ቢሆን የሚመጡት ክምሩ ከዳር ወደ ውስጥ ሲገፋ ይታይ ነበር። የታየው ግን መሐል ላይ ሲያብጥ ነው። እዚያው ነው የሚበስሉት።

የድሮ_ኦፕሬተር

ልጆች፣ እኔ ጡረተኛ የሬዲዮ ሠራተኛ ነኝ። ድምፁን ራሴ እይዛለሁ ብዬ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ 100 ሜትር ሽቦ ዘርግቼ ስንት ሌሊት አደርኩ መሰላችሁ! የሰማሁት የመብረቅ ጭርጭርታና የመብራት መስመር እምምታ ብቻ።

በኋላ ነው ምክንያቱን ያወቅሁት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀርመናዊው ባርክሃውዘን የጠላት ስልክ ሊጠልፍ ቁጭ ብሎ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ፉጨት ይሰማ ነበር። ወታደሮቹ ቦምብ ሲበር የሚሰማ ነው ይሉ ነበር አሉ። መብረቅ ነው ለካ። እ.ኤ.አ. በ1953 ስቶሪ የሚባል እንግሊዛዊ አስረዳው። የመብረቁ ሞገድ የማግኔት መስመር ተከትሎ ወደ ህዋ ይወጣና በሌላኛው የምድር ክፍል ይወርዳል። ቀጭኑ ድምፅ ቀድሞ ይደርሳል፣ ወፍራሙ ይዘገያል። በእኛ አገር ግን የማግኔት ወገብ ስለሚያልፍ መስመሩ ጋደም ያለ ነው፤ ወደ ላይ የሚወስድ የለም። ሽቦዬን ሰብስቤ ገባሁ።

ዲሽ_ገጣሚው_ከኮምቦልቻ

ጋሼ፣ ሽቦውን ባይሰበስቡት እኔ እገዛዎት ነበር። እህቴ፣ እቁቡ ገባኝ። ግን ሳተላይቱን እንዴት ነው የሚጎዳው? ይበሳዋል ወይስ ያቃጥለዋል?

ሰሜኗ

አይበሳውም። የዲሽ ገመድ ስትልጥ መዳቡን የከበበውን ነጭ ፕላስቲክ አስብ። ፈጣኑ ኤሌክትሮን የሳተላይቱን ገላ አልፎ እንዲህ ያለ ፕላስቲክ ውስጥ ይቀረቀራል። መውጫ የለውም። ቀን በቀን ይጠራቀምና አንድ ቀን ቋ! ትንሽ መብረቅ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1994 የካናዳን ቴሌቪዥን የሚያስተላልፉት ሁለቱ አኒክ ሳተላይቶች በአንድ ቀን ሚዛናቸውን ሳቱ። አንዱ በሰዓታት ተመለሰ፤ ሌላው ወራት ፈጀ።

ጠራጊ ሞገድም አለ። ስሙ «ሂስ» ነው፤ የስብሰባው ሂስ አይደለም፣ እንደሚተነፍስ ጎማ ስለሚል ነው። ኤሌክትሮኖቹን ቀስ በቀስ ወደ አየር እያራገፈ በሁለቱ ቀበቶዎች መሐል ባዶ ቦታ ይተዋል።

ለደንበኛህ ደግሞ ይህን ንገረው። በመስቀል ሰሞንና በመጋቢት መጀመሪያ ቀን ላይ ለጥቂት ደቂቃ ምስሉ ቢጠፋ ፀሐይ ከሳተላይቱ ጀርባ ቆማ ነው። ያኔ ጣሪያ አትውጣ።

ዲሽ_ገጣሚው_ከኮምቦልቻ

የመስቀሉንስ አውቀዋለሁ፤ በየዓመቱ ስልኬ አያርፍም። በውስጥ መስመር የላክሽልኝንም ሰማሁት። እናቴን ጠርቼ «ይሄ የምን ወፍ ነው?» አልኳት። ትንሽ አዳመጠችና «ወፍ አይደለም፣ የቦርከና እንቁራሪት ነው» አለች።