ዜሮ አደጋ ማለት ደኅንነት አለ ማለት ነው?

ጥያቄ፦
የሕንፃ ግንባታ የደኅንነት ኃላፊ ነኝ፤ 120 ሠራተኞች አሉን። በስድስት ወር ውስጥ አንድም ጉዳት አልተመዘገበም፤ አለቆቼ ደስ ብሏቸዋል። እኔን ግን እንቅልፍ ነሥቶኛል። ትናንት አራተኛ ፎቅ ላይ የመወጣጫው መከለያ ብረት ተፈትቶ በቦታው ሲባጎ ታስሮ አገኘሁ። ማን እንደፈታው የሚነግረኝ ጠፋ። በዜሮው ልተማመን? ወይስ ሌላ ምን ልለካ?

መልስ 1፦
አይተማመኑ። የተለመደው ስሌት የጉዳቶችን ብዛት በ200,000 አባዝቶ ለተሠራው ሰዓት ማካፈል ነው፤ 200,000 ማለት 100 ሰው በሳምንት 40 ሰዓት ለ50 ሳምንታት የሚሠራው ነው። የእናንተ ሰዓት በስድስት ወር 120,000 ገደማ ይሆናል። አንድ ሰው ብቻ ቢጎዳ ቁጥሩ ከ0 ተነሥቶ 1.67 ይገባል። በዚህ መጠን ዜሮ በዕድልም ይገኛል።

መልስ 2፦
እኔ በነበርኩበት ሥራ ጉዳት ላልደረሰበት ቡድን የማበረታቻ ገንዘብ ይሰጥ ነበር። አንድ አናጢ ሚስማር የወጋውን እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ የጓደኞቹን ገንዘብ ላለማሳጣት ሲያነክስ ዋለ። እባክዎ ገንዘብን ከዚህ ቁጥር ጋር አያያይዙ! ለጥቂት የከሸፉ አደጋዎችን፣ ማለትም ሊደርሱ ሲሉ ማንንም ሳይጎዱ ያለፉትን፣ ይቁጠሩ፤ መጀመሪያ ላይ ሪፖርቱ ቢበዛ መልካም ምልክት ነው። የታየ ጉድለት በስንት ሰዓት እንደተስተካከለም ይመዝግቡ።

ጠያቂው፦
ዛሬ ጠዋት «ቅጣት የለም፣ ብቻ ንገሩኝ» አልኳቸው። ለካ ብረቱን የፈቱት ብሎኬት ለማስገባት ኖሯል፤ ሌላ መግቢያ አልሠራንላቸውም። የሚከፈት መከለያ አስገጠምን። የመዝገቤ የመጀመሪያ መስመር፦ ከተነገረኝ እስኪስተካከል ሦስት ሰዓት።