ልጄ በስሎት ካር ተለክፏል፤ መኪና ልግዛለት ወይስ ይከራይ? እነዚህ ቤቶችስ ምን ነክቷቸው ነው የጠፉት?

የማቲ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ያለነው ሜሪላንድ ነው። የ11 ዓመት ልጄ የጓደኛው ልደት ላይ ተጠርቶ ስሎት ካር (ቦይ ይዞ በኤሌክትሪክ የሚሮጥ ትንሽ መኪና) የሚወዳደሩበት ቤት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። ልወስደው ስሄድ እኔም አየሁት። አዳራሹን ግማሽ የያዘ የእንጨት ትራክ ነው። 8 ቦይ ጎን ለጎን ተቆፍሮበታል፣ ቦዮቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቀለም አላቸው፣ ትልቁ ኩርባ ደግሞ ወደ ላይ ዘንበል ብሎ የተሠራ ነው። መኪኖቹ ከመዳፌ ብዙም አይበልጡም፣ ግን ሲበሩ ዓይን አይከተላቸውም። ማቲ ስልኩን ረስቶ እዚያ ቆሞ ዋለ። እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። የራሱን መኪናና ኮንትሮለር (በእጅ የሚያዘውን ባለ ቃታ መንጃ) ልግዛለት ወይስ እየተከራየ ይቆይ? ሌላው ደግሞ፣ ባለቤቴ «ይሄ ያለቀለት ነገር ነው፣ ነገ ይዘጋል፣ ገንዘብ አታውጪበት» ይላል። ድሮ በየከተማው ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ። ታዲያ ምን ነክቶት ጠፋ? የሚያውቅ ካለ በደንብ ያስረዳኝ።

ቃታ ሳቢ

እህቴ፣ እዚህ መድረክ ላይ ስለ ስሎት ካር የሚጠይቅ ሰው በማየቴ በጣም ደስ ብሎኛል። ከሁለተኛው ጥያቄሽ ልጀምር፣ የመጀመሪያውም መልስ ያለው እዚያው ውስጥ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ነገሩ የተስፋፋው መጀመሪያ እንደ ቤት መጫወቻ ነው። እንግሊዝ አገር ስካሌክስትሪክ በ1957 ወጣ፣ ሳሎን ውስጥ ወለል ላይ የሚገጣጠም ነበር። አሜሪካኖቹ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ አገዘፉት። መኪናውን ከእውነተኛው 24 ጊዜ ያነሰ አደረጉት፣ ትራኩን ደግሞ ቤት ውስጥ የማይገባ አደረጉት። አሜሪካን ሞዴል ሬስዌይስ የሚባል ኩባንያ ነጋዴው ቤቱን ብቻ ተከራይቶ እንዲከፍት ትራኩን ሠርቶ ይሸጥ ጀመር። ለትራኮቹ በቀለምና በማዕረግ ስም ያወጣላቸው ነበር፣ ብርቱካናማው ሞናርክ፣ ሰማያዊው ኪንግ እየተባለ። ኪንግ አንዱ ዙር 155 ጫማ ነው፣ ወደ 47 ሜትር ማለት ነው። ዛሬም ፈጣን ነኝ የሚል ሰው የሚለካው ኪንግ ላይ ነው።

በ1965 እና በ1966 አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ቤት በሺዎች ይቆጠር ነበር። የሞዴልና የመጫወቻ አምራቾቹ ኮክስ፣ ሬቬል፣ ሞኖግራም፣ ስትሮምቤከር፣ ሁሉም ገቡበት። ብዙዎቹ ኪቶች (ተገጣጣሚ መኪኖች) ውስጥ ያለው ዲናሞ፣ ማለትም ሞተሩ፣ የጃፓኑ ማቡቺ ነበር። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲወጡ መኪናቸውን በሳጥን ይዘው ይመጣሉ፣ በሰዓት ከፍለው ይነዳሉ። ሳይቆይ፣ በ1967 እና በ1968 ነገሩ ተንኮታኮተ። ቤቶቹ ተራ በተራ ተዘጉ፣ ብዙዎቹ ትራኮች ተቆራርጠው ተጣሉ።

ሰው ብዙ ምክንያት ይደረድራል። በአንድ ሰፈር ሦስትና አራት ቤት መከፈቱ አንዱ ነው፣ እውነት ነው። ለእኔ ግን የገደለው ፍጥነቱ ነው። አስቢው፣ አንድ ልጅ የኪስ ገንዘቡን አጠራቅሞ መኪና ይገዛል። ጥቂት ወር ሳይቆይ ያ መኪና ኋላ ቀርቷል። ትልልቆቹ ሻንሲውን በናስና በብረት ሽቦ ራሳቸው በይደው፣ ሞተሩን ራሳቸው ጠምጥመው ይመጣሉ። ልጁ አርብ ይመጣል፣ ይሸነፋል። ቅዳሜ ይመጣል፣ ይሸነፋል። ከዚያ አይመለስም። የቤቱን ኪራይ የሚሸፍነው ግን ያ ልጅ ነበር እንጂ እነዚያ ጥቂት አሸናፊዎች አልነበሩም።

ፍጥነቱ እዚያም አልቆመም። ዛሬ በላይኛው ምድብ የሚሮጡት መኪኖች የኪንግን 47 ሜትር ከ2 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሱታል። ቦዲያቸው እንደ ወረቀት የሳሳ ሌክሳን የሚባል ፕላስቲክ ነው፣ መኪና እንኳን አይመስልም። ጎማው ትራኩን ቆንጥጦ እንዲይዝ ትራኩ ላይ ማጣበቂያ ይቀባል። እኔ እወደዋለሁ፣ ግን ለማቲ ይህን ማሳየት እንጂ መስጠት አይገባም።

ስለዚህ እዚያ ቤት ለጀማሪ የተለየ ምድብ አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ። ሞተሩ የታሸገና የማይከፈት፣ ሁሉም አንድ ዓይነት መኪና የሚነዳበት ማለቴ ነው። ካለ፣ ለጥቂት ሳምንት ተከራይቶ ይንዳ፣ ከዚያ ዎምፕ ወይም ፍሌክሲ የሚባለውን ቀላል መኪና ግዢለት። ለጀማሪ የሚሆን ምድብ ከሌለ ግን ምንም አትግዢ፣ ልቡን ይሰብሩታል።

ጥቅለላ ቤት

ከላይ ያለው ወንድሜ ታሪኩን ጨርሶታል። እኔ ሞያዬ ኤሌክትሪክ ነው፣ ልጁን በዚያ በኩል ልርዳው።

ከእያንዳንዱ ቦይ ግራና ቀኝ የመዳብ ጥልፍ ተነጥፏል። መኪናው አፍንጫው ስር ቦዩ ውስጥ የሚገባ ምላስ አለው፣ ከምላሱ ጎንና ጎን ደግሞ ሁለት ትንንሽ ጥልፎች መዳቡን እየዳበሱ ኃይል ይወስዳሉ። መሪ የለም። ያለሽ ቃታ ብቻ ነው። የኮንትሮለሩ ሦስት ሽቦ ትራኩ ጠርዝ ላይ ይያያዛል፣ ነጩ ኃይል ያመጣል፣ ጥቁሩ ወደ ትራኩ ይወስዳል፣ ቀዩ ፍሬን ነው።

ጀማሪ ሁሉ ቃታ መሳብ ይማራል እንጂ መልቀቅ አይማርም። ፍሬኑ ያለው ግን መልቀቁ ላይ ነው። ጣቱን ሙሉ በሙሉ ሲለቅ ኮንትሮለሩ በቀዩ ሽቦ በኩል ሁለቱን የመዳብ መስመሮች ያገናኛቸዋል። እየተሽከረከረ ያለው ዲናሞ ያኔ ራሱ ኃይል አመንጪ ይሆንና፣ ያመነጨው ኃይል ተመልሶ ራሱን ይይዘዋል።

ቤት ውስጥ ይሞክረው። ከአሮጌ መጫወቻ ዲናሞ አውጡ። ዘንጉን በጣቱ ያሽከርክር፣ በቀላሉ ይዞራል። ከዚያ ሁለቱን ሽቦዎች እርስ በርስ አነካክተሽ ያዢለትና እንደገና ያሽከርክር። ይከብደዋል። ባትሪ የለ፣ ምን የለ። ይህን በጣቱ የተረዳ ልጅ ኩርባ ከመግባቱ በፊት መልቀቅ እንዳለበት ሰው አይነግረውም።

አደራ፣ ሁልጊዜ ቀዩ ሽቦ በደንብ መያዙን ይይ። እሱ ከተነቀለ መኪናው ይሮጣል፣ ፍሬን ግን የለውም፣ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ አየር ላይ ይወጣል።

ከብሩክሊን

ባለቤትሽ ነገ ይዘጋል ያለው ከንቱ ስጋት አይደለም፣ እኔ አይቼዋለሁና ልናገር። ኒውዮርክ ብሩክሊን ቸርች አቬኑ ላይ ባዝ ኤ ራማ የሚባል ቤት ነበር። ፍራንክ ፔሪ፣ ሁሉም ባዝ የሚላቸው ሰው፣ በ1965 ከፈቱት። ያ ሁሉ ቤት ሲዘጋ እሳቸው ከእነሚስታቸው ይዘውት ቆዩ። 1970ዎቹ አለፉ፣ የቪዲዮ ጌም መጣ፣ ኮምፒውተር መጣ፣ ስልክ መጣ፣ ቤቱ እዚያው ነበር። የተዘጋው በ2021 እሳቸው ሲያርፉ ነው።

የእኔም ልጆች እዚያ ልደት አክብረዋል። ሰውዬው ለአንድ የ7 ዓመት ልጅ ቃታው እንዴት እንደሚያዝ ጎንበስ ብለው ሲያሳዩ፣ ገና ትናንት ቤቱን የከፈቱ ነው የሚመስሉት። ከ50 ዓመት በላይ ያንኑ ነገር ለአዲስ ልጅ ሳይሰለቹ ማሳየት ቀላል አይደለም። ቃታ ሳቢ ስለ ጀማሪ ልጅ ያለውን አንብቤ ወዲያው እሳቸው ትዝ አሉኝ። ልጅን ማስተናገድ ስለሚያውቁ ነው ቤቱ ያን ያህል የቆየው።

ትራክ ብዙ ቦታ ይበላል፣ የቦታ ኪራይ ደግሞ ታውቂዋለሽ። ስለዚህ ያለው ቤት ሳይዘጋ ሂዱበት። ነገ የለም ብሎ ዛሬ መቅረት ለልጁ ምን ይጠቅመዋል?

ኑረምበርግ

ሰላም ጓዶች ከጀርመን። እኔ ትንሽ ልለይ። ጎረቤታችን ፉርት ከተማ የቤት ስሎት ካር የሚሠራው የካሬራ አገር ነው፣ በ1963 የተመሠረተው እዚያ ነው። እዚህ ብዙ ቤተሰብ ትራኩን ቤቱ ነው የሚዘረጋው። ዲጂታል ከመጣ ወዲህ ደግሞ መኪናው በአንድ ቦይ ታስሮ አይቀርም፣ ቁልፍ ተጭነሽ መስመር ያስቀይራል፣ ሁለት ሦስት መኪና በአንድ ቦይ ላይ ተከታትሎ መሄድ ይችላል። የአንድ ቀን ኪራይና ነዳጅ እየከፈልሽ ከምትመላለሺ አንድ ጊዜ ገዝተሽ ክረምቱን ሙሉ ቤት ብትጫወቱ አይሻልም? አባትየውም አብሮ ይጫወታል።

ቃታ ሳቢ

ወንድም ኑረምበርግ፣ ቤት መጫወቱ ጥሩ ነው፣ እኔም አለኝ። ግን አንድ አይደሉም። ቤት ውስጥ የሚነዱት መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ ሆዳቸው ስር ማግኔት አላቸው። ትራኩ ውስጥ ያለውን ብረት ስለሚስብ መኪናው ኩርባ ላይ ተጣብቆ ያልፋል። ልጁ ቃታውን ጨምድዶ ይዞ ዙሩን ይጨርሳል፣ ቃታውን መቼ እንደሚለቅ አይማርም። ማግኔቱን አውጥቶ ከነዳ ሌላ ነገር ነው፣ ያኔ እውነተኛ ነጂ ይወጣዋል።

ደግሞ ትልቁ ትራክ ላይ ያለ፣ ቤት ውስጥ ግን የማይገኝ ሌላ ነገር አለ። ውድድሩ በዙር ብዛት ነው። አንድ መስመር ላይ የተወሰነ ደቂቃ ትነጂያለሽ፣ ኃይል ይቋረጣል፣ ወደ ሌላው ቀለም ትሸጋገሪያለሽ፣ እንዲህ 8ቱንም ታዳርሻለሽ። መጨረሻ ላይ የሁሉም መስመር ዙር ይደመራል። አንዱን መስመር ብቻ የለመደ አያሸንፍም። ያልነዳ ደግሞ ዝም ብሎ አይቆምም፣ ኩርባ ላይ ቆሞ የወጣውን መኪና አንስቶ ቦዩ ውስጥ ይመልሳል። የ11 ዓመት ልጅ የ60 ዓመት ሰው መኪና ይመልሳል፣ ሰውዬው ደግሞ በተራው የልጁን ይመልሳል። እኔ ይህን ሌላ ቦታ አላየሁም፣ ለዚህ ስል ነው አሁንም የምሄደው።

የማቲ እናት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሄጄ ጠየቅኩ። ቅዳሜ ጠዋት የልጆች ውድድር አላቸው፣ ሞተሩ የታሸገ ነው፣ መኪናውን ቤቱ ያከራያል። የዲናሞውን ሙከራም ሠራን፣ አባቱ ራሱ ሁለት ጊዜ ደገመው! ማቲ ቅዳሜን በጉጉት እየጠበቀ ነው። የሚጀምርበትን መስመር ምረጥ ብለውታል። የትኛውን ይያዝ?

ቃታ ሳቢ

ከመሃል ይጀምር፣ ብርቱካናማ ወይም ሰማያዊ። ዳርና ዳር ያሉት ቀይና ጥቁር ይከብዳሉ፣ መጨረሻ ላይ ይድረስባቸው። ከመጀመሩ በፊት መኪናውን ገልብጦ ከምላሱ አጠገብ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ጥልፎች ይይ። ተጣጥፈው ወይም ጠቁረው ከሆነ ጫፋቸውን በጣቱ አፍታቶ ይጥረጋቸው፣ የኪራይ መኪና አብዛኛውን ጊዜ የሚንተፋተፈው በእነሱ ነው። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ዙሮች ሳይወጣ ብቻ ይዙር፣ ማንም ቢቀድመው ግድ አይስጠው። መስመሩን ሲቀይር የመኪናውን የቀለም ምልክትም መቀየር አይርሳ፣ አለበለዚያ ኩርባ ላይ የቆሙት ልጆች በየትኛው ቦይ እንደሚመልሱት ግራ ይገባቸዋል። ቅዳሜ ማታ እንዴት እንደነበር ጻፊልን።