ፀሐይ በሚበረታበት ተራራማ ገጠር ብስክሌት ልነዳ ነው፤ መንገዱን እንዴት ልምረጥ?

ጥያቄ፦ አዲስ ገቢ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። አራት ቀን ፈቃድ አግኝቼ ተራራማ ገጠር ሄጄ ብስክሌት ልነዳ ነው። ፀሐዩ ኃይለኛ ነው፣ ዛፍ ብዙም የለም፣ መንደሮቹም የተራራቁ ናቸው። መንገዱ ግን አስፋልት ነው፤ መኪናም አይበዛበትም።

ሜዳ ላይ 80 ኪሎ ሜትር ያለ ችግር እነዳለሁ። ካርታ ላይ ሦስት ዙር መንገዶች አውጥቻለሁ፤ ሦስቱም ወደ 80 ኪሎ ሜትር ናቸው። የሚለያዩት በዳገታቸው ነው፦ አንዱ በድምሩ 700 ሜትር፣ ሁለተኛው 1,400፣ ሦስተኛው 2,200 ሜትር ያስወጣል። ከየትኛው ልጀምር? በስንት ሰዓት ልነሳ? ዙሩንስ በየት በኩል ልዙረው? ብስክሌቴ ቀጭን ጎማ ያለው የአስፋልት ብስክሌት ነው። የፊቱ ትንሹ ማርሽ 36 ጥርስ፣ የኋላው ትልቁ 25 ጥርስ አለው። እኔና ብስክሌቱ ከነውሃው 75 ኪሎ እንሆናለን።

የዳገት ወዳጅ፦

እህቴ፣ ተራራ ላይ ኪሎ ሜትሩን እርሺው። የሚቆጠረው ወደ ላይ የምትወጪው ሜትር ነው። መካከለኛ ጉልበት ያለው ሰው ሳይቸኩል ሲወጣ በሰዓት ከ500 እስከ 600 ሜትር ከፍታ ያገኛል። ስለዚህ የ700 ሜትሩ መንገድ ዳገቱ ተደማምሮ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። የ2,200ው ግን ዳገቱ ብቻ አራት ሰዓት ነው፤ ቁልቁለቱና እረፍቱ ገና አልተቆጠረም። በኪሎ ሜትር እኩል የሆኑ ሁለት መንገዶች አንዱ የጠዋት ሽርሽር፣ ሌላው ሙሉ ቀን ይሆናሉ።

እኔ ብሆን በ700ው ጀምሬ በሁለተኛው ቀን 1,400ውን እነዳለሁ። ሦስተኛው ቀን እግር የሚፈታበት አጭር መንገድ ይሁን። የ2,200ውን ለአራተኛው ቀን አስቀምጪውና እግርሽ እሺ ካላለ ተይው።

ደግሞ «አማካይ ዳገት 5 በመቶ» (በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር መውጣት ማለት ነው) የሚል ጽሑፍ ስታዪ አትመኚው። መካከል ላይ ሜዳ ወይም ቁልቁለት ካለ አማካዩን ያወርደዋል፤ ቀሪው ቦታ 10 በመቶ ሊሆን ይችላል። ፈረንሳይ ውስጥ ፕሮቫንስ ያለው ሞን ቫንቱ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከቤዷን መንደር ሲወጣ 21 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አማካዩ 7.5 በመቶ አካባቢ ይባላል። የመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስት ኪሎ ሜትሮች ግን ለስላሳ ናቸው። ጫካው ውስጥ ሲገባ 9 እና 10 በመቶ ይሆንና ለረጅም ጊዜ አይለቅም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ጫፉ ዛፍ የሌለው ራቁት ድንጋይ ነው። አማካዩን አይቶ የገባ ሰው ጫካው ውስጥ ሲደርስ ይደነግጣል። ስለዚህ የከፍታውን ሥዕል በየኪሎ ሜትሩ ከፋፍለሽ እዪው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሥዕሉ ላይ ድንገት 25 በመቶ የሚል ሹል ጫፍ ካየሽ መንገዱ ዋሻ ውስጥ የሚያልፍ ወይም ገደል ሥር የሚሄድ መሆኑን አጣሪ። እንደዚያ ከሆነ የካርታው መረጃ የመንገዱን ሳይሆን ከላይ ያለውን ተራራ ከፍታ እየወሰደ ነው። እንዲህ ያለው ዳገት በእውን የለም። ዋሻው ግን አለ፤ መብራት ያዢ።

ጥላ ፈላጊ፦

ከላይ የተባለው ልክ ነው፤ ሰዓቱና አቅጣጫው ግን አልተነሳም። ለእኔ ዋናው እሱ ነው።

ዳገት ላይ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ስትሄጂ የሚያበርድሽ ነፋስ የለም። ሜዳ ላይ በ30 ስትነጂ ላብሽን የሚያደርቀው አየር እዚያ ጠፍቷል፣ ሰውነትሽ ግን ከሜዳው በላይ እየሠራ ነው። ሙቀት የሚመታው ያኔ ነው። ስለዚህ ትልቁ ዳገት የሚወጣው በጠዋት ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ኮርቻ ላይ ሁኚ።

አቅጣጫው ደግሞ እንዲህ ነው። ጠዋት ፀሐይ የምትመታው ወደ ምሥራቅ የሚያየውን የተራራ ጎን ነው። ወደ ምዕራብ የሚያየው ጎን እስከ ረፋድ ድረስ ጥላ ሊሆን ይችላል። ዳገቱ በምዕራብ ጎን እንዲሆንልሽ ዙሩን አዙሪው። መንገዱ ያው ነው፣ ቀኑ ግን ሌላ ቀን ይሆናል። ካርታ ላይ ይህን የሚያይ ሰው ትንሽ መሆኑ ይገርመኛል።

ነፋሱንም አስቢበት። ቀን ፀሐይ የተራራውን ጎን ስታሞቀው አየሩ ወደ ላይ ይወጣል። ከታች ያለው አየርም ሸለቆውን ተከትሎ ሽቅብ ይነፍሳል። ከሰዓት በኋላ ሸለቆውን ተከትለሽ ወደ ታች የምትመለሺ ከሆነ ነፋሱ ፊት ለፊት ይጠብቅሻል። ቁልቁል እየሄዱ ፔዳል መምታት ያናድዳል።

ከፍታ ሲጨምር በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል፤ ይህ ግን አያታልልሽ። የሚያቃጥለው ጨረር በዚያው ከፍታ ወደ 10 በመቶ ይጨምራል። ቀዝቀዝ ሲል ፀሐዩ የበረደ ይመስላል፣ ማታ አንገትና ክንድ ይነግሩሻል። ደመና ተራራው ጫፍ ላይ የሚከመረውና ነጎድጓድ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው። የመጨረሻውን ከፍተኛ ቦታ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት እለፊው።

ባለ ጋራዡ፦

ልጄ፣ ማርሽሽ ለሜዳ የተሠራ ነው። እስቲ እናስላው። 8 በመቶ ዳገት ላይ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ለመሄድ አንቺ ወደ 140 ዋት ማውጣት አለብሽ። በዚያ ፍጥነት በ36 እና 25 ፔዳሉ በደቂቃ 44 ጊዜ ብቻ ይዞራል። ይህ የጉልበት መገጣጠሚያን ያደክማል። ከኋላ 34 ጥርስ ብታስገቢ በዚያው ፍጥነት 60 ጊዜ ይዞራል። የምታወጪው ዋት ያው ነው፣ ለጉልበትሽ መገጣጠሚያ ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ለዚህ ጉዞ ገንዘብ የምታወጪበት ነገር አንድ ከሆነ ይህ ይሁን።

ቁልቁለቱን አትናቂው። 75 ኪሎ ከ1,000 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ሁለት ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ከፊሉን አየሩ ይወስደዋል፣ ቀሪው ፍሬንሽ ላይ ያርፋል። ፍሬንሽ ቸርኬውን የሚይዝ ዓይነት ከሆነ ሙሉ ቁልቁለቱን ፍሬን ጨብጦ መውረድ ቸርኬውን ያግለዋል። ካላማዳሪውም ሊፈነዳ ይችላል። ኩርባ በሌለበት ቦታ ቀና ብለሽ ደረትሽን ለነፋስ ስጪ፤ ኩርባው ከመድረሱ በፊት ጠንከር አድርገሽ ያዢና ልቀቂ። ኩርባው ውስጥ ገብቶ መያዝ አይሆንም። የፍሬን ሸራውንም ከመሄድሽ በፊት አሳዪው።

የጎማው ስፋት ቢቻል 28 ሚሊ ሜትር ይሁን። በጣም አታጠንክሪው፤ ጠጠር ያለበት አስፋልት ላይ ጠንካራ ጎማ ይነጥራል። ቀትር ላይ ሬንጁ የሚያብረቀርቅበት ቦታ ካየሽ ቀልጧል ማለት ነው፤ ኩርባ ላይ ያንሸራትታል።

ቀስ በቀስ፦

በአንድ ነገር ከጥላ ፈላጊ ጋር አልስማማም። አቅጣጫ የሚመረጠው በጥላ ብቻ አይደለም። ተራራው አንዱ ጎን ቀጥ ያለ ዳገት፣ ሌላው ጎን ለስላሳ ከሆነ በቀጥ ያለው ወጥቶ በለስላሳው መውረድ ይሻላል። ቀጥ ያለው ላይ ፍሬን ይሠቃያል፣ እጅም ይደክማል። ለስላሳው ቁልቁለት ግን ደስታ ነው።

ጥላ ፈላጊ፦

ለአንተ እውነት ነው፣ አንተ 34 ጥርስ አለህ። በ25 ጥርስ 10 በመቶ ዳገት ውጪ ማለት ጉልበቷን እንካችሁ ማለት ነው። ማርሹን ከቀየረች እስማማለሁ። ካልቀየረች በለስላሳው ትውጣ፣ ቀጥ ያለውን በቀስታ ትውረድ፣ መካከል ላይም ቆማ ቸርኬውን ታብርድ።

አዲስ ገቢ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማርሹን እቀይራለሁ። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ውሃ ምን ያህል ልያዝ? ብቻዬን መሄድስ ይሆናል? ጋሼ፣ 34ቱን እኔው ራሴ ልገጥመው እችላለሁ?

የዳገት ወዳጅ፦

በሙቀት ውስጥ በሰዓት ከግማሽ እስከ ሦስት ሩብ ሊትር አስቢ፤ ብዙ የሚያልብሽ ከሆነ እስከ አንድ ሊትር። ሁለት ትልልቅ ጠርሙስ ለሁለት ሰዓት ያህል ነው፣ ስለዚህ የውሃ ቦታዎቹን ካርታው ላይ አስቀድመሽ ምልክት አድርጊ። ባዶ ውሃ ብቻ ለብዙ ሰዓት መጠጣት ደግሞ የደምን ጨው ያሳጣል፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያመጣል። ትንሽ ጨው ጣል አድርጊበት።

ብቻሽን መሄድ ይቻላል። ዙሩን፣ የምትነሺበትንና የምትመለሺበትን ሰዓት ለአንድ ሰው ተዪለት። ካርታውን ስልክሽ ላይ አውርጂው፤ ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ ይጠፋል። ወደ ማታ ፊትሽን ወደ ምዕራብ አድርገሽ የምትነጂ ከሆነ ከኋላሽ የሚመጣው ሹፌር ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ገብታ አያይሽም። ቀንም ቢሆን የኋላ መብራትሽን አብሪ።

ባለ ጋራዡ፦

መግጠሙ ከባድ አይደለም፣ ለዚሁ የተሠሩ መፍቻዎች ካሉሽ ይበቃል። መጀመሪያ ግን ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያሻግረው የኋላ ክንድ 34ቱን ይሸከም እንደሆነ ጠይቂ፤ አጭር ክንድ አይችለውም። ካቴናውም ሊያጥር ይችላል፣ የፊቱን ትልቅና የኋላውን ትልቅ ማርሽ አንድ ላይ አስገብተሽ ሳይወጠር መቆሙን እዪ። ከተወጠረ ረዘም ያለ ካቴና ያስፈልጋል። ከጉዞው ሳምንት ቀድመሽ ግጠሚውና ሰፈርሽ ያለ ዳገት ላይ ሞክሪው።