30 ደቂቃ መሬት ላይ ሲታገሉ ምኑን ነው የምታዩት?

ፒያሳው፦
ሰላም ልጆች፣ እኔ ሬስሊንግ ያየሁት እንደ ሁላችሁም ሰፈር ቪዲዮ ቤት ነው፣ አንደርቴከር ምናምን፣ ወንበር ካልተሰባበረ ገንዘቤን መልሱ የምል ሰው ነኝ። ሰሞኑን አንዱ ጓደኛዬ "ሬስሊንግ ማለት ይሄ ነው" ብሎ ሪንግስ የሚባለውን የጃፓኖቹን የሬስሊንግ ድርጅት ግጥሚያ ላከልኝ፣ ኪዮሺ ታሙራ ከጹዮሺ ኮሳካ፣ 1998 በነሱ አቆጣጠር። ጊዮርጊስ ጋ አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ ጀመርኩት፣ ማኪያቶዬ አልቆ ሁለተኛ አዝዤ እነሱ አሁንም መሬት ላይ ናቸው፣ አንዱ እግር ይይዛል፣ ሌላው ይገላበጣል፣ ገመድ ይይዛል፣ ይነሳሉ፣ ደሞ ይወርዳሉ። 30 ደቂቃው ሞላና አቻ! ለአቻ ነው እንዴ ፓኬጄን የጨረስኩት? ግን ሕዝቡ ይጮሃል። ምኑ ነው የሚያስጮኸው? ከልቤ ነው የምጠይቀው፣ ለመሳደብ አይደለም

ቆርኪ፦
ገመዱን ነዋ ያላየኸው ወንድሜ። አንተ የለመድከው ገመድ ላይ ወጥቶ መዝለል ነው፣ እዚህ ገመድ ማለት ዕዳ ነው። ለምሳሌ በዛ ዘመን የነበረው ሌላ የጃፓን ድርጅት፣ ሬስለሩ የነታካዳ ዩደብሊውኤፍአይ፣ አንድ ለአንድ ሲገጥሙ እያንዳንዱ በ15 ነጥብ ይጀምራል፣ እጁ ወይ እግሩ ተቆልፎ ለማምለጥ ገመድ ከያዘ 1 ይቀነስበታል፣ ተመቶ ከወደቀ 3፣ ዜሮ ከገባ አለቀለት። ሪንግስ አቆጣጠሩ ሌላ ነው ግን ሐሳቡ ያው ነው፣ በነፃ ማምለጥ የለም። ካዛንቺስ እያለን ደጅ ላይ በቆርኪ ዳማ ስንጫወት አንዷን ለማትረፍ አንዷን ትሰጥ የለ? እንደዛ በለው። ሰውዬው እጁን ወደ ገመድ ሲዘረጋ ፊቱን እየው፣ እያመመው ሒሳብ እየሠራ ነው

የጁዶዋ፦
እኔ ደሞ እጃቸውን ተዉና ዳሌያቸውን እዩ ነው የምለው። ክንድ የሚቆለፈው በኃይል አይደለም፣ ጉልበቶቹን ገጥሞ ክንድህን መሐል ካጣበቀ በኋላ ዳሌውን ትንሽ ከፍ ማድረግ ብቻ ነው፣ ስለዚህ የተያዘው ሰው ሁለት እጁን አያይዞ ሲጨብጥ ምንም የተፈጠረ አይመስልም ግን ሁሉ ነገር እዛች ጭብጥ ላይ ነው ያለው። ተረከዝ ሲጠመዘዝ ደሞ ይብሳል፣ ተረከዙ ተይዞ የሚሄደው ጉልበት ነው፣ ሕመሙ እስኪሰማህ ከጠበቅክ ጅማቱ ቀድሞህ ሊሄድ ይችላል። ለዛ ነው ገና ሲነካቸው እንደ እብድ የሚገላበጡት። እኔ ራሴ ልምምድ ላይ ኩራት ይዞኝ ቶሎ እጅ ሳልሰጥ ቀርቼ ቀኝ ክርኔ ተጎድቶ ሁለት ሳምንት በግራ እጄ ጎረስኩ፣ እናቴ ከክርኔ በላይ ያናደዳት እሱ ነበር

አራት ኪሎ፦
ያው ድራማ ነው አይደል ግን? ማን እንደሚያሸንፍ ያውቃሉ

ቆርኪ፦
አብዛኛው አዎ፣ ውጤቱ ቀድሞ ያለቀ ነው፣ ማንም አይክድህም። ቁልፉ ግን የውሸት አይደለም። ካርል ጎች የሚባል ቤልጂየም የተወለደ ሰውዬ ነው የጃፓን ሬስለሮቹን ፉጂዋራን እነማኤዳን ያስተማረው፣ ፉጂዋራ ደሞ እስከዛሬ በስሙ የሚጠራ የክንድ ቁልፍ አለው። ከነሱ ሥር የወጡት ፉናኪና ሱዙኪ በነሱ አቆጣጠር በ1993 ፓንክሬስ የሚባል ድርጅት መሠረቱ፣ እዛ በእውነት ነው የሚገጥሙት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቡጢ ጨብጦ ፊት መምታት አልነበረም፣ በመዳፍ ነበር፣ መጀመሪያ ስታየው በጥፊ የተጣሉ ይመስላል 😂 ጥፊው ግን ሰው ያስተኛል። አንተ ፒያሳው ግን ጀማሪ ሆነህ ከዛ መነሳት አልነበረብህም፣ ጓደኛህ ጨካኝ ነው፣ ቮልክ ሃንን ነበር መጀመሪያ ማየት፣ ሳምቦ ከሚባለው የሩሲያ ትግል የመጣ ሩሲያዊ ሬስለር ነው፣ ቆመህ እጅህን ይይዝና ዘሎ ተጠምጥሞብህ አብራችሁ ስትወርዱ ተቆልፈሃል፣ የት ጋ እንደያዘህ እንኳን አታውቅም

ፒያሳው፦
እሺ ዛሬ እዛው ካፌ ተመልሼ ያንኑ ከመጀመሪያው ጀመርኩት፣ ዳሌ ዳሌ እያልኩ። ኮሳካ ጁዶ ነው የመጣበት ሲሉ አሁን ገባኝ፣ ዝም ብሎ ተኝቶ ይመስለኝ የነበረው ከላይ ሆኖ ክብደቱን እየጫነ ነው ለካ፣ ቀይ ቁምጣ የለበሰው ታሙራ ደሞ እንደ ዓሣ ነው፣ ያዝኩት ስትል የለም። አንዱ ገመድ ሲፈልግ እኔም ሳላውቀው እጄን ዘርግቼ "ያዝ ያዝ፣ አይ ቆይ አትያዝ" ስል አስተናጋጇ መጥታ "ምን ልታዘዝ" አለችኝ። ሦስተኛ ማኪያቶ አዘዝኩ ምን ላድርግ። 20ኛው ደቂቃ ላይ ነኝ፣ ቮልክ ሃንን ነገ ላኩልኝ