አን አርበር ልንገባ ነው፦ የቤት መያዣ፣ "ተይዟል" ያለን አከራይ፣ ደግሞም ምጣዴ

ጥያቄ፣ አዲስ ገቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሚሺጋን የዶክትሬት ትምህርት ሊጀምር ነው። እኔ በኤፍ-2፣ ማለትም በተማሪ ቤተሰብ ቪዛ፣ ከ6 ዓመት ልጃችን ጋር ኦገስት መጨረሻ ላይ አብሬው እገባለሁ። ክሬዲት፣ ማለትም የብድር ታሪክ፣ የለንም፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርም የለንም። ለኪራይ የያዝነው በወር 1,400 ዶላር ነው። አንድ አከራይ የሁለት ወር መያዣ እና የመጨረሻውን ወር ኪራይ አስቀድማችሁ ክፈሉ አለን። ሌላው በጽሑፍ "ቤቱ አለ" ብሎን፣ በቪዲዮ ከተያየን በኋላ "ተይዟል" አለ፤ ማስታወቂያው ግን ዛሬም አልወረደም። ምን ይሻለናል? ምጣዴንስ ይዤ ልምጣ?

መልስ፣ ሁሮን ዳር፦
እህቴ፣ ያን ገንዘብ እንዳትከፍሉ። በሚሺጋን ሕግ መያዣ ከአንድ ወር ተኩል ኪራይ አይበልጥም፤ በ1,400 ሂሳብ 2,100 ዶላር ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚያመልጠው ነገር፣ አስቀድሞ የሚከፈል የመጨረሻ ወር ኪራይም በሕጉ መያዣ ሆኖ መቆጠሩ ነው። ስለዚህ አከራዩ የጠየቃችሁ የሦስት ወር፣ 4,200 ዶላር ነው፣ ከሚፈቀደው እጥፍ። በኢሜይል "ከአንድ ወር ተኩል በላይ ሕጉ አይፈቅድም፤ የባለቤቴን የዩኒቨርሲቲ የድጋፍ ደብዳቤና የባንክ መግለጫ እናቀርባለን" ብላችሁ መልሱለት። እምቢ ካለ ተዉት።

መያዣው የሚጠፋው ግን ሲወጡ ሳይሆን ሲገቡ ነው። ቁልፍ ስትረከቡ አከራዩ የቤቱን ሁኔታ መመዝገቢያ ቅጽ በሁለት ቅጂ ይሰጣችኋል፤ ሞልታችሁ በ7 ቀን ውስጥ መልሱ። "ግድግዳው ተበላሽቷል" ብሎ መጻፍ አይጠቅምም። "መኝታ ቤት፣ ከመስኮቱ ሥር፣ በግራ በኩል የእጅ መዳፍ የሚያህል የተላጠ ቀለም" ብላችሁ ጻፉ፣ ፎቶ አንሱ። ምድጃውን ከፍታችሁ ውስጡን፣ ፍሪጁን፣ የመታጠቢያውን ጥግ ሁሉ አንሱ።

ስትወጡ ደግሞ በ4 ቀን ውስጥ አዲሱን አድራሻ በጽሑፍ ስጡት። ካልሰጣችሁ የጉዳት ዝርዝር የመላክ ግዴታው ይቀርለታል። ከሰጣችሁ በ30 ቀን ውስጥ ወይ ገንዘቡን ወይ ዝርዝሩን መላክ አለበት። ዝርዝሩ ሲደርሳችሁ የማትስማሙበትን ነጥብ በነጥብ ጽፋችሁ በ7 ቀን ውስጥ በፖስታ ላኩ። ዝም ካላችሁ የዘረዘረውን ያህል ታጣላችሁ።

መልስ፣ ሚዛን፦
"ተይዟል" ስላላችሁ ሰውዬ፦ ፊታችሁን አይቶ ሐሳቡን ከቀየረ በቀለም ማግለል ሊሆን ይችላል። ዛሬውኑ ማስታወቂያውን ቀኑና ሰዓቱ እንዲታይ አድርጋችሁ ስክሪንሾት አንሱ። ቀጥሎ አጭር ኢሜይል ላኩ፦ "ይህ ቤት ከዚህ ቀን ጀምሮ ይከራያል ወይ?" ክስም ቁጣም አትጨምሩበት፤ የምትፈልጉት የጽሑፍ መልስ ብቻ ነው። ከዚያ አን አርበር ውስጥ ላለው የደቡብ ምሥራቅና መካከለኛ ሚሺጋን ፌር ሃውሲንግ ሴንተር፣ በቤት ኪራይ ማግለልን ለሚመረምር ድርጅት፣ ደውሉ። እነሱ ነጭና ጥቁር ፈታኞችን ተመሳሳይ ገቢ አስይዘው ወደ አንድ አከራይ ይልካሉ፣ የተሰጣቸውን መልስም ያነጻጽራሉ። ቤቱ በእርግጥ ተከራይቶ ከሆነም በዚሁ ይታወቃል። አትዘግዩ፣ ማስታወቂያው ከወረደ ፈተናው ዋጋ የለውም።

የ1968ቱ የፌዴራል ሕግም የ1976ቱ የሚሺጋን ሕግም በቀለምና በትውልድ አገር ማግለልን ይከለክላሉ። ለክፍለ ግዛቱ የሲቪል መብቶች መሥሪያ ቤት አቤት ለማለት 180 ቀን፣ ለፌዴራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት (ሀድ) 1 ዓመት፣ በፌዴራሉ ሕግ ለመክሰስ 2 ዓመት አላችሁ። ቪዛችሁ የተማሪ መሆኑ ይህን መብት አይቀንስም።

መልስ፣ መስመር 4፦
ኦገስት መጨረሻ ክፉ ጊዜ ነው። የተማሪ ቤቶች ውል ኦገስት ላይ ያልቃል፣ አዲሱ የሚጀምረው ከቀናት በኋላ ነው፤ በመካከሉ ከተማው ሁሉ ዕቃ ተሸክሞ ይጉላላል። ካምፓስ አጠገብ ያሉትም ከባለፈው መጸው ጀምሮ ተይዘው ይሆናል። ባለቤትሽ ዛሬውኑ ኖርዝ ካምፐስ ላለው ለኖርዝዉድ የቤተሰብ ቤት ያመልክት። ካልሆነ ጎረቤት ከተማዋን ኢፕሲላንቲን እዩ። የከተማ ስም ሳይሆን የአውቶቡስ መስመር ምረጡ፦ ዋሽተኖ ጎዳና ላይ የሚሄደው 4 ቁጥር ሁለቱን ከተሞች ያገናኛል፣ ባለቤትሽም የተማሪ መታወቂያውን አሳይቶ በነጻ ይሳፈራል። የእኛን ጸጉር የሚያውቁ ጸጉር ቤቶችንም ኢፕሲላንቲ ታገኛላችሁ። አን አርበር ውስጥ ጥቁሮች ይኖሩበት የነበረው ዛሬ ኬሪታውን የሚባለው አካባቢ ስለተወደደ ብዙ ቤተሰብ ወደዚያ ወጥቷል።

መልስ፣ ነርሷ፦
የልጁን የክትባት ካርድ ከመምጣታችሁ በፊት ጤና ጣቢያው በፈረንጆች ቀን ጽፎ ማኅተም ያድርግበት። 2012 የሚል ካርድ እዚህ ሲነበብ ልጁ ሳይወለድ የተከተበ ያስመስላል፣ ወይም ሁሉንም ድገሙ ይባላል። የጉድፍ፣ ማለትም የቺክን ፖክስ፣ ክትባት በኢትዮጵያ መደበኛ መርሐ ግብር ውስጥ ስለሌለ ይጎድለዋል፤ የጆሮ ደግፍም እንደዚሁ። ካውንቲው ጤና መምሪያ ቀጠሮ ያዙ።

መልስ፣ እማማ ጓዳ፦
ልጄ፣ ምጣዱን እዚያው ተይው። የአገራችን ምጣድ በ220 ቮልት ነው የሚሠራው፤ እዚህ 120 ላይ ሲሰካ ኃይሉ ከሲሶ በታች ይወርዳል፣ እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ይደርቃል። ሌፍሳ ለሚባል የኖርዌይ ቂጣ የሚሸጠውን 16 ኢንች ክብ የኤሌክትሪክ መጋገሪያ ግዢ። ማይክሮዌቭ ያለበት መስመር ላይ አትሰኪው፣ ፊውዙ ይወርዳል። በክረምት ሊጡ ካልቦካልሽ ምድጃውን ሳታበሪ መብራቱን ብቻ አብርተሽ ውስጡ አስቀምጪው። በምድጃው በር ላይ "ሊጥ አለ" ብለሽ ወረቀት ለጥፊ።

አዲስ ገቢ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ እማማ። ቡና መቁላትስ? የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮሃል ይባላል።

እማማ ጓዳ፦
ይጮሃል። ብዙ አፓርታማ ውስጥ ከምድጃው በላይ ያለው ማራገቢያ ጭሱን አጣርቶ ወደዚያው ቤት ይመልሰዋል እንጂ ወደ ውጭ አያወጣም። መስኮት ከፍተሽ ማራገቢያ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሪ፣ በአንድ ጊዜ ከአንድ እፍኝ በላይ አትቁዪ። ማስጠንቀቂያውን በፕላስቲክ አትሸፍኚው፣ ባትሪውንም አታውጪ። ከሁሉ በላይ ለዕጣን ከሰል ቤት ውስጥ እንዳታነጂ፤ መስኮቱ በተዘጋበት ክረምት የከሰሉ ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል። የኤሌክትሪክ ማጨሻ አለ፣ እሱን ተጠቀሚ።