አሮጌው ፒክአፕ ጉልበት እንዲያገኝ ካታሊቲኩ ይውጣ ወይስ ይቆይ?

ባለ ቀዩ ፒክአፕ፦
ሰላም ቤተሰብ። እ.ኤ.አ. የ1991 ሼቭሮሌ ፒክአፕ አለኝ። 5.7 ሊትር፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ድሮ ካርቡሬተር በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ሁለት ኢንጀክተር ያለው ሞተር ነው። ጭነት ይዤ ዳገት ስጀምር ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ድሮ እንዲህ አልነበረም። ሁለት መካኒክ አየው። አንዱ "ካታሊቲኩን (ጭስ ማውጫው ላይ ያለውን የጭስ ማጣሪያ) አውጣ፣ ኢጂአሩን (ከጭሱ ጥቂቱን ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን ቫልቭ) ድፈን፣ ይበራል" አለኝ። ሌላው "እንዳትነካው" አለ። ከዚያ ቤት ውስጥ ሌላ ክርክር ተነሳ። ባለቤቴ "የገዛኸው መኪናውን ነው፣ አየሩን አይደለም" አለችኝ። እስቲ ፍረዱ፣ ባለ አሮጌ መኪና ሞተሩን እንደፈለገ የማድረግ መብት አለው ወይስ የለውም?

ዳገት ወጪ፦
መብትማ አለው! የገዛ መኪናው አይደል እንዴ? ሰላሳ ዓመት ያለፈው ፒክአፕ ሳምንት ሙሉ ቆሞ ነው የሚውለው። እሱን ትተው ቀን ከሌት የሚሠሩትን ከባድ መኪኖች ቢቆጣጠሩ ይሻላል። እኔ የራሴን አውጥቼ ቀጥ ያለ ቱቦ አስበየድኩበት። ልዩነቱን ገና ከበሩ ሳልወጣ ነው የሰማሁት።

ቁልፍ 13፦
"ሰማሁት" ያልከው ልክ ነው፣ የጨመረው ድምፁ ነዋ 😄 ሲጮህ የበረታ ይመስላል። ጤነኛ ካታሊቲክ እንዲህ ባለ ሞተር ላይ የሚይዘው ጉልበት ሹፌሩ መቀመጫው ላይ ሆኖ የሚለየው አይደለም። የተደፈነ ከሆነ ግን ሌላ ወሬ ነው፣ ያኔ ሞተሩ አፍንጫውን ተይዞ እንደሚሮጥ ሰው ነው። ባለ ቀዩ፣ ማንንም ከመስማትህ በፊት ለካ። የኦክስጅን ሴንሰሩን ፍታና በቀዳዳው የግፊት ጌጅ አስገባ። ሞተሩ ይሙቅና 2500 ዙር ላይ ያዘው። ከ3 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ካለፈ ጭሱ የሆነ ቦታ ታፍኗል ማለት ነው።

ጭስ አልወድም፦
እኔ መካኒክ አይደለሁም፣ ከኋላችሁ የምነዳ ሰው ነኝ። ካታሊቲክ የሌለው መኪና ሲቀድመኝ መስኮት እስክዘጋ ዓይኔ ያለቅሳል። ያ ዕቃ ካርቦን ሞኖክሳይዱን፣ ያልተቃጠለውን ቤንዚንና የናይትሮጅን ጋዞቹን ነው የሚቀንሰው። ሳምንት ሙሉ ቢቆምም በተነዳባት አንድ ቀን የሚተነፍሰው ሌላው ሰው ነው። ደግሞ መኪናው የተሠራው ለአሜሪካ መንገድ ነው፣ እዚያ ይህን ዕቃ ማውጣት ሕገወጥ ነው። መጀመሪያ የተከለከሉት ሻጮችና ጋራዦች ነበሩ፣ በ1990 ሕጉ ሲሻሻል ግለሰቡም ተጨመረ።

ዳገት ወጪ፦
ሕግ ካነሳህ ሙሉውን አንሳው እንጂ። ካሊፎርኒያ እንኳ፣ ያቺ ሁሉን የምትመረምረው፣ ከ1976 በፊት የተሠራ የቤንዚን መኪና ከጭስ ምርመራ ነፃ ነው ትላለች። ዕድሜ ይታያል ማለት አይደል?

ጭስ አልወድም፦
ከምርመራ ነፃ ነው አለች እንጂ ነቅለህ ጣለው አላለችም። የእሱ ደግሞ 1991 ነው። እዚያው ካሊፎርኒያ ጉልበት የሚጨምር ዕቃ ተፈትኖ ፈቃድ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ቁጥር ያለውን መግጠም ይቻላል። ማን ጉልበት አትጨምሩ አለ?

ዳገት ወጪ፦
እሺ ካታሊቲኩ ይቅር። ኢጂአሩስ? የተቃጠለ ጭስ መልሶ ወደ ሞተር የሚያስገባ ነገር እንዴት ብሎ ነው ጉልበት የማይቀንሰው?

ቁልፍ 13፦
ይሄን ጥያቄ ስንት ጊዜ መለስኩ መሰለህ። ነዳጁን ጥርግ አድርገህ ስትረግጥ ኢጂአሩ ይዘጋል። ጉልበት በምትፈልግባት ሰዓት እሱ የለም። የሚከፈተው ረጋ ብለህ ስትነዳ ነው፣ ሥራው የቃጠሎውን ሙቀት ማውረድ ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ኢጂአር አለ ብሎ እሳቱን ቀደም አድርጎ ይለኩሳል። ደፈንከው እንበል። ሙቀቱ ይወጣል፣ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፣ የኳኳታ ሴንሰሩ ይሰማና ታይሚንጉን (እሳቱ የሚለኮስበትን ሰዓት) ወደኋላ ይጎትታል። ጉልበት ፍለጋ ሄደህ ያለህን ጥለህ መጣህ ማለት ነው።

የጋራዥ ልጅ፦
ሁላችሁም ስለ ማውጣት ታወራላችሁ፣ ሞተሩ ጤነኛ ነው ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። እነዚህ ሞተሮች ሲያረጁ የሚሰንፉት ባብዛኛው በትንሽ ነገር ነው። ባለ ቀዩ፣ በዚህ ሂድ። ካንዴላዎቹን አውጥተህ ቀለማቸውን እይ፣ ጥላሸት ከለበሱ ቤንዚን በዝቷል። ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት) ለካ፣ ዋናው ቁጥሩ ሳይሆን ስምንቱ ሲሊንደር መቀራረባቸው ነው። የነዳጅ ግፊቱ ከ9 እስከ 13 ፒኤስአይ መሆን አለበት፣ ከወረደ መጀመሪያ ፊልትሮውን ቀይር፣ ፖምፓውን ለመውቀስ አትቸኩል። ታይሚንግ ስታይ ደግሞ ብዙ ሰው የሚስታት ነገር አለች፦ ቡናማ ላይ ጥቁር መስመር ያላት አንዲት ሽቦ አለች፣ እሷን ካልነቀልክ ኮምፒውተሩ ራሱ እያስተካከለ ስለሚያሳይህ የምታነበው ውሸት ነው። ነቅለህ ዜሮ ላይ አድርገህ መልሰህ ሰካት።

ከሁሉ በላይ የምጠረጥረው ግን የውሃ ሙቀት ሴንሰሩን ነው። ለጌጁ የሚያገለግለውን ሳይሆን ባለ ሁለት ሽቦውን፣ ለኮምፒውተሩ የሚነግረውን። ቀዝቃዛ ሳለ ወደ 3000 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ያሳያል፣ ሞተሩ ሲሞቅ ወደ 200 አካባቢ መውረድ አለበት። ካልወረደ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና አልሞቀም እያለ ቤንዚን ማፍሰሱን ይቀጥላል። ያ ትርፍ ቤንዚን ካታሊቲኩ ውስጥ ገብቶ ይቃጠላል፣ የውስጡን ወንፊት ያቀልጠዋል። ከዚያ ሰው ይመጣና ካታሊቲክ ሞተር ገደለ ይላል!

ዳገት ወጪ፦
ይሁን፣ ይጠገን። ግን ስትጠግነው ያው የፋብሪካው 210 ፈረስ ጉልበት ነው የሚመለሰው፣ ያውም አዲስ ሳለ። ሰውዬው መጨመር ይፈልጋል። ትልቅ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ይግጠምና ይገላገል።

የጋራዥ ልጅ፦
አይገላገልም፣ ይጀምረዋል እንጂ 😂 ይሄ ሞተር የሚገባውን አየር የሚለካበት ሴንሰር የለውም። የቫኪዩሙን ግፊት አይቶ ነው የሚገምተው። ትልቅ ካም ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትረግጥ) ቫኪዩም ያወርዳል፣ ኮምፒውተሩ ጭነት መጣ ብሎ ቤንዚን ይጨምራል፣ መኪናው ቆሞ ይንቀጠቀጣል፣ ይሸታል። ካም የሚቀይር ሰው ቺፑንም ለዚያው ሞተር ተብሎ በተጻፈ ፕሮግራም መቀየር አለበት። መጨመር የእውነት የሚፈልግ ወደ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ይሂድ። ያንኑ 5.7 ፋብሪካው በ1996 ቴስታታና የነዳጅ አሰጣጥ ቀይሮለት ወደ 250 ፈረስ ጉልበት አደረሰው። ያን ቴስታታ በአሮጌው ላይ መግጠም ይቻላል፣ ግን የላዩ ማኒፎልድ (አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያስገባው) ቡሎን ስለማይገጥም ማኒፎልዱም አብሮ ይቀየራል።

ለዳገት ከሆነ ግን ሞተሩን ተወው። የዲፈረንሻሉ (አክስሉ ላይ ያለው ጥርስ) ሬሾ 3.08 ከሆነና 3.73 ብታስገባ ጎማው ላይ የሚደርሰው ጉተታ ከ20 በመቶ በላይ ይጨምራል። ኮፈኑን እንኳ ሳትከፍት። ረጅም መንገድ ላይ ዙሩ ይበዛል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ስፒዶሜትሩም ካልተስተካከለ ይዋሻል። ባለ አራት ጎማ ነጂ ከሆነ ደግሞ የፊቱም አብሮ ይቀየር፣ አለዚያ ሁለቱ ይጣላሉ።

ቁልፍ 13፦
ስለ ዲፈረንሻሉ ተባርከሃል። ለጭነት ሰው መጀመሪያ የሚነገረው እሱ ነበር።

ባለ ቀዩ ፒክአፕ፦
ተመለስኩ፣ እጄ ገና ዘይት ነው። የኦክስጅን ሴንሰሩን መፍታት ብቻ ግማሽ ቀን ወሰደብኝ፣ ዝገት! ጌጁ 2500 ዙር ላይ 5 ፒኤስአይ አለ። ካታሊቲኩን በጎማ መዶሻ ስመታው ውስጡ ጠጠር ያለበት ቆርቆሮ ነው። ከዚያ የጋራዥ ልጅ ያለውን ሴንሰር ለካሁ። ሞተሩ ግሎ፣ ራዲያተሩ በእጅ አይነካም፣ ሴንሰሩ ግን 1100 ኦም ላይ ቆሟል።

የጋራዥ ልጅ፦
1100 ማለት ለኮምፒውተሩ 47 ዲግሪ ገደማ ነው። ያ ምስኪን ሁልጊዜ ጠዋት ነው ብሎ ያስባል። መጀመሪያ ሴንሰሩን ቀይር፣ ካታሊቲኩን ቀጥሎ። ከገለበጥከው አዲሱንም ታቀልጠዋለህ።

ዳገት ወጪ፦
ተደፍኖ አይደል? ታዲያ አውጣው ያልኩት እኔ አይደለሁም?

ጭስ አልወድም፦
አውጣው ብለህ ቱቦ አልክ። እሱ አውጥቶ አዲስ ይገጥማል። አንድ አይደለም።

ባለ ቀዩ ፒክአፕ፦
ሴንሰሩን ቀየርኩ፣ አዲሱ ካታሊቲክ ቅዳሜ ይገጠማል። ዲፈረንሻሉን ከዚያ በኋላ ጭነት ይዤ ያችኑ ዳገት ሞክሬ እወስናለሁ። ዳገት ወጪ፣ የአንተ ግን ስንት ኦም ያሳያል?

ዳገት ወጪ፦
ነገ ልለካው ነው። ለማንም እንዳትናገሩ።